ሪህና የመጠጥ ጽዋ
ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት

በየቁምስናው ሕሙማንን ስንጎበኝ ደጋግመን ከምንሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ «አባ፣ ሪህ አለብህ ተብያለሁ፤ እንግዲህ መጠጥ ፈጽሞ ይቅርብኝን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በውስጡ ግን ብዙ ጭንቀት አለ። ጠያቂው የማኅበሩን ጠላ፣ የልጁን ሠርግ፣ የጎረቤቱን ተዝካር ያስባል። ጽዋውን ቢመልስ ጋባዡን የሚያስቀይም ይመስለዋል፤ ቢቀበል ደግሞ ሌሊቱን በሕመም ሲቃትት እንደሚያድር ያውቃል። ከዚህም በላይ እግሩ ያበጠ ሰው ሁሉ «ጠጪ ቢሆን ነው» እየተባለ ስለሚታማ፣ ሕመሙን ሸሽጎ የሚኖር ጥቂት አይደለም። አበው ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት በመጀመሪያ ሪህ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎም መጠጥ እንዴት እንደሚያነሣሣው፣ በመጨረሻም ሕመምተኛውም ሆነ ጋባዡ ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ሪህ ምንድን ነው?

በሕዝባችን አነጋገር «ሪህ» የሚለው ስም ሰፊ ነው። የጉልበት ቁርጥማትም፣ የወገብ ሕመምም፣ ብርድ ያመጣው የሚመስል የእጅ መደንዘዝም በዚሁ ስም ሲጠራ እንሰማለን። እኛ ግን እዚህ ላይ ሪህ ስንል ሐኪሞች «ጋውት» የሚሉትን አንድ የታወቀ በሽታ ማለታችን ነው። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ስለ መጠጥ የምንናገረው ሁሉ ይህንኑ በሽታ እንጂ ማንኛውንም የመገጣጠሚያ ሕመም አይመለከትም።

የበሽታው መነሻ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ነው። ሰውነታችን ያረጁ ሴሎቹን ሲያድስና የበላነውን ምግብ ሲፈጭ፣ ፒዩሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይፈርሳሉ፤ ከፍርስራሻቸውም ዩሪክ አሲድ ይወጣል። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን ከሽንት ጋር ያስወግደዋል። ምርቱ ሲበዛ፣ ወይም አዘውትሮ እንደሚታየው ኩላሊት በሚገባ ማስወገድ ሲያቅተው፣ በደም ውስጥ ይከማቻል። ውሃ ከሚችለው በላይ ጨው ሲጨመርበት ትርፉ ሳይሟሟ ከሥር እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ ዩሪክ አሲድም በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ክሪስታሎች ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በሪህ ሕሙማን ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ እንደሚገኝ ያሳየው በ1848 ነው፤ ክሪስታሎቹም ራሳቸው ካበጠ መገጣጠሚያ ተቀድቶ በወጣ ፈሳሽ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ተለይተው የታወቁት በ1961 ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ በሌሊት ይነሣል። ደኅና ሆኖ የተኛ ሰው የእግሩ አውራ ጣት ሥር ቀልቶ፣ አብጦና ግሎ ይነቃል፤ የአንሶላው ክብደት እንኳ አይቻለውም። በአንድ ቀን ውስጥ ሕመሙ ከሁሉ ወደሚበረታበት ደረጃ ይደርሳል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥም ይበርዳል። ይህ መብረድ ግን ሰውን ያታልላል። እብጠቱ ጠፋ እንጂ ክሪስታሉ አልጠፋም። ሳይታከም ዓመታት ሲያልፉ ቁርጭምጭሚትን፣ ጉልበትን፣ ክርንን፣ የእጅ ጣቶችንም ይይዛል፤ ከቆዳ ሥር ጠጣር እብጠት ያወጣል፤ አጥንትን ይበላል፤ በኩላሊትም ጠጠር ሊሠራ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። መገጣጠሚያው ያበጠበት ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለው፣ ወይም ሕመሙ ሲይዘው የመጀመሪያው ከሆነ፣ «ሪህ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባውም። መገጣጠሚያ በተሕዋስያን ሲመረዝም እንዲሁ ያብጣልና፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

፪. ሪህ የሆዳሞች በሽታ ነውን?

ከጥንት ጀምሮ ሪህ የነገሥታትና የባለጠጎች በሽታ እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። በዚህ አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ብዙ በደልም አለበት። ከታሪክ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ብንመለከት ነገሩ ይገለጥልናል።

የመጀመሪያው ከ590 እስከ 604 የሮማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበረው ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነው። ቅዱስ ጎርጎርዮስ መነኩሴ ነበረ፤ በጾሙ ብዛትም ሰውነቱን እስከ መጉዳት የደረሰ እንደ ነበረ ይነገርለታል። ሆኖም በ600 ገደማ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለአውሎግዮስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሪህ ሕመም ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ከአልጋው ሳይወርድ መቆየቱንና በበዓላት ቀን ለቅዳሴ መነሣት እንኳ ጭንቅ እንደ ሆነበት ገልጿል። ይህን ቅዱስ ሆዳም ወይም ሰካራም የሚለው ማን ነው?

ሁለተኛው የእስፓኝ ንጉሥና የቅድስት ሮማ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የነበረው ቻርልስ 5ኛ ነው። እርሱ ሥጋና ቢራ እጅግ ይወድ ነበር፤ የሐኪሞቹንም ምክር አይሰማም ነበር። ሪሁ እጁንና እግሩን አስሮት ዙፋኑን ከለቀቀ በኋላ፣ በ1557 ወደ ዩስቴ ገዳም ሲገባ ቢራ ጠማቂውን አስከትሎ ገባ፤ በ1558ም በዚያው ዐረፈ። በ2006 ተመራማሪዎች ተጠብቆ የኖረ የጣቱን አጥንት መርምረው ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል አጥንቱን ቦርቡሮት መገኘቱን አስታውቀዋል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ሕመም ጾመኛውንም ጠጪውንም አገኛቸው። ሪህ በዘር ይወረሳል፤ ከኩላሊት ድካም፣ ከሰውነት ውፍረት፣ ከደም ግፊትና ለእርሱ ከሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ይመጣል። በአብዛኛው የሚይዘው ወንዶችን ነው፤ ሴቶችን ደግሞ ይበልጡን የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ ያገኛቸዋል። መጠጥ በሽታውን ከሚያመጡትና ከሚያባብሱት ምክንያቶች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። ስለዚህ በባልንጀራችን እግር ላይ እብጠት አይተን በነፍሱ ላይ ፍርድ ልንሰጥ አይገባንም።

፫. መጠጥ ሪህን የሚያነሣሣው እንዴት ነው?

አልኮል በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛ፣ ጉበት አልኮልን ሲያቃጥል የሴሎችን የኃይል ስንቅ ያወጣል፤ ከዚህም ስንቅ መፍረስ አዲስ ፒዩሪን፣ ከፒዩሪኑም አዲስ ዩሪክ አሲድ ይገኛል። ሁለተኛ፣ አልኮል ሲፈጭ በደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ ኩላሊት ዩሪክ አሲዱን ከማስወጣት ይልቅ ይዞ ያስቀራል። ሦስተኛ፣ መጠጥ ሽንትን ስለሚያበዛ ሰውነት ውሃ ይጎድለዋል፤ ውሃ ሲጎድል ደግሞ የዩሪክ አሲዱ መጠን ከፍ ይላል። ቢራን በተመለከተ አራተኛ ምክንያት ይጨመራል፤ ከብቅሉና ከእርሾው የሚገኝ ፒዩሪን በራሱ በመጠጡ ውስጥ አለና።

ይህ በጥናትም ተረጋግጧል። በአሜሪካ አገር ሪህ ያልነበረባቸው 47,150 የጤና ባለሙያ ወንዶች ለ12 ዓመት ተከታትለው ሲጠኑ፣ 730ዎቹ በሪህ ተይዘዋል። በ2004 የታተመው ይህ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም አልኮል የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ በሪህ የመያዛቸው ዕድል በ32 በመቶ ይበልጣል፤ 50 ግራምና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ደግሞ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ባለ 330 ሚሊሊትር ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል ይይዛል። በዓይነቱ ሲታይ በየቀኑ አንድ ቢራ መጠጣት አደጋውን በ49 በመቶ፣ አንድ መለኪያ አረቄ መሰል መጠጥ በ15 በመቶ ሲጨምር፣ መጠነኛ የወይን ጠጅ ግን ጉልህ ልዩነት አላሳየም።

ከዚህ የተነሣ «ወይን ግን አይጎዳም» የሚል ወሬ ተሰማ። ይህ አነጋገር መታረም አለበት። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ሪህ ስለሌለባቸው ሰዎች ነበር። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሪህ ያለባቸውን 724 ሰዎች መርምሮ፣ ከአንድ እስከ ሁለት መጠጥ የወሰደ ሰው በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ሕመሙ የሚነሣበት ዕድል በ36 በመቶ፣ ከሁለት እስከ አራት የወሰደ ደግሞ በ51 በመቶ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። በዚህም ጥናት ቢራም፣ አረቄም፣ ወይንም ሕመሙን የሚያነሣሡ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ሪህ ለሌለበትና ለያዘው ሰው ነገሩ አንድ አይደለም።

፬. በየቤታችን የሚጠጡት

ጠላ ከብቅልና ከእህል የሚጠነሰስ ስለሆነ ከቢራ ወገን ይቈጠራል። ይልቁንም ጉሹ ሳይጣራ ሲጠጣ እርሾው አብሮ ይገባል። «የቤት ነው፤ አይጎዳም» የሚለው አባባል ለሪህ ሕመምተኛ አይሠራም።

ጠጅ አልኮሉ ብቻ ሳይሆን ማሩም ይታሰብበት። በማር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሩክቶስ የሚባል የስኳር ዓይነት በጉበት ሲፈጭ እንደ አልኮል ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። ስለዚህ ለማይጠጣ እንግዳ በደግነት የሚቀርበው ብርዝ፣ በስኳር የጣፈጠ ቀሪቦና የጠርሙስ ለስላሳም ሪህ ላለበት ሰው መልካም ምትክ አይደሉም። አልኮል የሌለው ቢራም ቢሆን ፒዩሪኑ አልወጣለትምና አይመረጥም።

አረቄ በትንሽ መለኪያ ብዙ አልኮል የሚያስገባ ነው፤ ዳግም አረቄ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የቤት አረቄ ብርታቱ እንደ አውጪው ስለሚለያይ፣ መለኪያ ቈጥሮ ልኩን ማወቅ አይቻልም። ሌላም አደጋ አለ፤ በአሜሪካ በአሮጌ የመኪና ራዲያተር የወጣ የድብቅ አረቄ የጠጡ ሰዎች ከብየዳው በሚወጣ እርሳስ ተመርዘው፣ ኩላሊታቸው ተጎድቶ በሪህ እንደ ተያዙ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል። አረቄ የሚያወጡ ሁሉ በእርሳስ የተበየደ ዕቃ ከመጠቀም ይጠበቁ።

፭. ሕመምተኛው ምን ያድርግ?

1. ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ ምንም ዓይነት መጠጥ አይቅመስ። ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ያሳርፍ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዝበት፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሳይዘገይ ይጀምር። ኩላሊቱ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ግን የሚጠጣውን ውሃ መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ።

2. በሽታው እስኪገዛ ድረስ መጠጥን መተው ከሁሉ የሚሻል ነው። የሕክምናው ግብ ዩሪክ አሲዱን በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች ማውረድ ነው። እዚያ ደርሶ ሕመሙ ሳይነሣበት ብዙ ወራት የቈየ ሰው፣ በበዓል ቀን ጥቂት ወይን ሊቀምስ ይችል እንደ ሆነ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። በየቀኑ መጠጣትና የሳምንቱን በአንድ ቀን መጠጣት ግን ሁለቱም ይጎዳሉ።

3. መጠጥ መተው መድኃኒትን አይተካም። አሎፑሪኖል የተባለው ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት በ1966 ለሪህ ሕክምና ተፈቅዶ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ብዙዎች «ጠላ ካቆምሁ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ይተዉታል፤ ነገር ግን በምግብና በመጠጥ ጥንቃቄ ብቻ የሚወርደው ዩሪክ አሲድ ጥቂት ነው። አሎፑሪኖል በተጀመረባቸው ወራት ሕመሙ ሊደጋገም ይችላል፤ ይህ ክሪስታሉ መሟሟት የመጀመሩ ምልክት ስለሆነ በራስ ፈቃድ አይቋረጥ። ቆዳው ላይ ሽፍታ የወጣበት ግን ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ሐኪም ይሂድ።

4. ማስታገሻና መጠጥ አይቀላቀሉ። እንደ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲንና አይቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎች ከአልኮል ጋር ሲሆኑ ጨጓራን አቍስለው ደም ሊያፈስሱ ይችላሉ። ከመድኃኒት መደብር በራስ ፈቃድ እየገዙ መዋጥም ኩላሊትን ይጎዳል።

5. የደም ግፊት ሕመምተኛ የሚወስደውን መድኃኒት ለሐኪሙ ያሳይ። ሽንት የሚያሸኑ አንዳንድ መድኃኒቶችና በትንሽ መጠን በየቀኑ የሚወሰድ አስፕሪን ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ሐኪሙ ሊለውጣቸው ይችላል፤ ሕመምተኛው ግን በራሱ አያቁማቸው።

6. ለብዙ ዓመት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ቢቃዥ ወይም ቢጥለው አደጋ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሐኪም እርዳታ ቀስ በቀስ ይተው። ቤተሰቡም «ጨክን!» ከማለት ይልቅ ወደ ሕክምና ይውሰደው።

፮. ስለ ጾምና ስለ በዓል

ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚነሣው በበዓል ማግሥት ነው። ወራት ከጾመ በኋላ አንድ ሰው በትንሣኤ ሌሊት ዶሮውን፣ ጥሬ ሥጋውን፣ ዱለቱን፣ ጠላውንና ጠጁን በአንድነት ሲያስገባ ዩሪክ አሲዱ በአንድ ጊዜ ይንራል። ጉበት፣ ኩላሊትና ቀይ ሥጋ በራሳቸው ፒዩሪን የበዛባቸው ናቸው። ስለዚህ ሪህ ያለበት ሰው በዓሉን በልክ ይፈስክ፤ ሥጋ በቀመሰበት ማዕድ መጠጥ አይጨምር።

የጾም ምግባችን ግን ወዳጁ ነው። «ሽሮና ምስር ሪህ ያስነሣሉ» ሲባል እንሰማለን፤ ባቄላ፣ አተርና ምስር ፒዩሪን እንዳላቸውም እውነት ነው። ሆኖም በ2004 የታተመ ሌላ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ሥጋና የባሕር ምግብ ሪህን ሲያበዙ የአትክልትና የጥራጥሬ ፒዩሪን ግን አላበዛም። ወተትና እርጎ ደግሞ አደጋውን ቀንሰው ተገኝተዋል። ቡና አዘውትረው የሚጠጡም በሪህ የሚያዙት ባነሰ ቍጥር እንደ ሆነ በ2007 ታትሟል፤ እንግዲህ ስኳሩን አሳንሶ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት ለዚህ ሕመምተኛ አይከለከልም።

ውሃ ሳይቀምሱ ረጅም ሰዓት መቈየት ግን ሕመሙን ሊያነሣሣ ይችላል። በላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ ቍጥር 919 መሠረት ውሃና መድኃኒት የቁርባንን ጾም አያፈርሱም። በግዕዝ ሥርዓት የሚኖሩ ደግሞ ቆሞሳቸውን ይጠይቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን እናት ናትና። በቅዱስ ቁርባን የሚቀመሰው ጥቂት ወይን የሚያስፈራ አይደለም፤ ፈጽሞ አልኮል እንዳይቀምስ የተከለከለ ሰው ቢኖርም በኅብስቱ ብቻ ቢቈርብ ክርስቶስን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል እንጂ ምንም አይጎድልበትም።

፯. የጋባዡ ኃላፊነት

እስካሁን ለሕመምተኛው ተናገርን። ነገር ግን እርሱ ብቻውን የሚሸከመው ሸክም አይደለም። በባህላችን ጋባዥ «በሞቴ!» ብሎ ይለምናል፤ ብርሌው እንዳይጎድል ይቀዳል፤ እንግዳው እምቢ ሲል እንደ ተናቀ ይቈጥረዋል። ይህ ከፍቅር የመነጨ ልማድ ነው፤ የሚሞተው ግን ጋባዡ አይደለም፤ ሌሊቱን የሚቃትተው እንግዳው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 14 ላይ ወንድምን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋንም ወይንንም መተው መልካም መሆኑን ያስተምራል። አንድ ጊዜ «አይሆንልኝም» ያለውን እንግዳ ምክንያቱን ሳንመረምር፣ በሰው ፊትም ሳናሳፍር መተው ክርስቲያናዊ መስተንግዶ ነው። በየማኅበሩና በየሠርጉ ንጹሕ ውሃ፣ ስኳር ያልገባበት የተልባ ወይም የሱፍ ውሃ ከጠላው ጎን ቢቀርብ፣ እምቢ ማለት የሚያሳፍረው ሰው ብርጭቆውን በደስታ ያነሣል።

አንዳንዶች ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መምከሩን እየጠቀሱ ለመጠጥ ምክንያት ያደርጉታል። ምክሩ ግን ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሕመም፣ በጥቂት መጠን የተሰጠ ነበረ። ለሆድ የታዘዘ መድኃኒት ለእግር አይወሰድም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 2290 ራስን የመግዛት ምግባር ከምግብ፣ ከአልኮል፣ ከትምባሆና ከመድኃኒት አላግባብ መጠቀም እንደሚጠብቀን ያስተምራል። መድኃኒትን ያለ ሥርዓት መዋጥ ከመጠጥ ጋር አብሮ መቈጠሩን ልብ እንበል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ ሪህ የያዘህ ወንድማችን ሆይ፣ ሕመምህ እስኪገዛ ጽዋውን ተው፤ መድኃኒትህን አትተው፤ ከማኅበርህም አትቅር። ማኅበሩ የተሰበሰበው ለጠላው አይደለም፤ ለአንተም ጭምር ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን «ሪህ» የሚባሉት ሕመሞች የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የተመረመረ ማን ነው?
2. በቁምስናችን ማኅበራት ለማይጠጡ ሰዎች ምን ይቀርባል? ምንስ ቢቀርብ ይሻላል?
3. እንግዳን ሳያስገድዱ ማክበር የሚቻለው እንዴት ነው?
4. ከሕመሙ ይልቅ ሐሜት የከበደው ሰው በመካከላችን ቢኖር፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ምን ሊያደርግለት ይችላል?